«እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት

ወጣት ሲሞት ለቅሶ ቤቱ በጥያቄ ይሞላል። ከምን? መቼ ጀመረው? የት አሳከማችሁት? ያረጀ ሰው ሲሞት ግን ጠያቂ የለም። «ዕድሜ ጠገቡ»፣ «እርጅና ነው እንግዲህ»፣ «እሱ የወሰናት ቀን ደረሰች» ይባልና ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል። እናቴ ያረፈች ጊዜ የሰማሁት ይኸንኑ ነው። የተናገሩት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ሥራቸውን ትተው የመጡ፣ ንፍሮ የቀቀሉ፣ ከእኛ ጋር መሬት ላይ ያደሩ ናቸው። ያም ሆኖ እነዚያ አጫጭር ማጽናኛዎች ስለ እግዚአብሔር የሚናገሩት ነገር አለ። ይህን ያደረገው እሱ ነው ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ከልቤ ያልወጣው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ካረጀ ሰው ላይ የጎደለውን ሁሉ የወሰደው እሱ ነው ወይ?

ሥራዬ ፓቶሎጂ ነው። ከሰው አካል የተቆረጠ ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ተነክሮ ይመጣልኛል፤ በቢላዋ እከፍተዋለሁ፣ በስሱ ተቆርጦ ቀለም ከያዘ በኋላ በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ። በአገራችን በዚህ ሙያ ላይ ያለ ሰው ንፍፊት አብዝቶ ያያል። ሳንባን ትቶ አንገት ላይ የሚወጣው የንፍፊት ቲቢ እኛ ዘንድ የተለመደ ስለሆነ፣ አንገታቸው ያበጠ ልጆችና ወጣቶች ለመርፌ ናሙና ይላካሉ። የሕፃኑም፣ የጎረምሳውም፣ የሽማግሌውም ንፍፊት ዐይኔ ሥር አልፏል። የታካሚው ዕድሜ ወረቀቱ ላይ ሳይጻፍ ቢመጣ እንኳ ብዙውን ጊዜ ወደ የትኛው እንደሚያደላ ይታወቀኛል።

እንዲህ ያሉ ዕጢዎች በአንገት፣ በብብት፣ በብሽሽት፣ በሳንባ ሥርና በአንጀት ዙሪያ በመቶዎች ተበትነው ይገኛሉ። በቆዳ ወይም በጉሮሮ በኩል የገባ ተሕዋሲ ቁራሹ ተይዞ ወደ ቅርቡ ዕጢ ይወሰዳል። እዚያ ቲ ሴልና ቢ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች አሉ። እያንዳንዷ ሴል የምታውቀው አንድ ቅርጽ ብቻ ነው፤ ለመጣው ባዕድ የምትገጥመው ከመቶ ሺህ ወይም ከሚሊዮን አንዷ ትሆናለች። ያቺ አንዷ ስትገኝ መባዛት ትጀምራለች። ቢ ሴሎቹ ደግሞ ክብ ሠርተው ይሰበሰቡና እየተከፋፈሉ፣ የተሻለ የሚይዘው እየተመረጠ፣ የማይዘው እየሞተ ይሄዳል። በሕፃን ንፍፊት ላይ እነዚህ ክቦች በዳርና ዳሩ ተደርድረው ይታያሉ። መሐላቸው ነጣ ያለ፣ ዙሪያቸው ጠቆር ያለ ሐምራዊ ነው፤ ውስጣቸው የሞቱትን ሴሎች የዋጡ፣ ማክሮፌጅ የሚባሉ ትላልቅ ሴሎች አሉ። አዳዲሶቹን ሐኪሞች ሳስተምር መጀመሪያ የማሳያቸው ይህን ነው፤ የመከላከያ ኃይላችን ሲሠራ በዐይን የሚታይበት ቦታ ነውና።

የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው አረጋውያን እናቶች ብብት የሚመጣው ንፍፊት ከዚህ የተለየ ነው። ለሁለት ስከፍለው መሐሉ ቢጫ ስብ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ዕጢው ራሱ በስተዳር ስስ ቡናማ ጠርዝ ሆኖ ቀርቷል። ማይክሮስኮፕ ሥር ሳደርገው ክቦቹ ጥቂትና ትንንሽ ናቸው። ሴሎቹን አቅፎ የሚይዛቸው፣ መንገድ የሚያሳያቸውና በሕይወት እንዲቆዩ የሚረዳቸው መረብ ሳስቷል፤ እዚህም እዚያም ጠባሳ የመሰለ ክር ገብቶበታል። አንዳንዱን ሳየው ይህች ሴት ዘንድሮ አዲስ በሽታ ቢመጣባት ማን ይነሣላታል እላለሁ።

ለዚህ አንዱ ትልቅ ምክንያት ከደረት አጥንት ጀርባ ያለው ታይመስ የሚባለው ዕጢ ነው። ዣክ ሚለር የተባለው ተመራማሪ በ1961 እ.ኤ.አ. ታይመሳቸው ገና እንደተወለዱ የወጣባቸው አይጦች በሽታ መቋቋም እንደማይችሉ እስኪያሳይ ድረስ፣ ብዙዎች የረባ ሥራ የሌለው አካል ያደርጉት ነበር። አዲስ ቲ ሴል የሚወጣው ከዚያ ነው። ታይመስ መሟሸሽ የሚጀምረው ገና በልጅነት ነው፤ ከጉርምስና በኋላ ይፋጠናል፤ በስተርጅና አብዛኛው ስብ ይሆናል። ስለዚህ የሽማግሌ ንፍፊት ውስጥ ገና ምንም ያልገጠማቸው አዳዲስ ሴሎች እያነሱ ይሄዳሉ። የሚበዙት ባለፉት ዓመታት ከአንዱ በሽታ ወይም ከሌላው ጋር ተዋግተው፣ ያን በሽታ እያስታወሱ የቆዩት ናቸው።

ይህን ለአባቴ ነገርኳቸው። አባቴ ጎጃም ውስጥ ድጓ ሲያስተምሩ ነው ያረጁት፤ መንደሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ዐይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ድጓውን ግን በቃላቸው ስለሚያውቁት መጽሐፍ ሳይገልጡ ተማሪ ያርማሉ። ባለፈው ዓመት የተወለደውን የልጅ ልጃቸውን ስም ግን አሁንም ይጠይቁኛል። ዝም ብለው ሰሙኝና «እንግዲያው ጉባኤው አልፈረሰም፤ አዲስ ተማሪ ነው የጠፋው» አሉኝ። ነገሩን እንዲህ አድርጎ የገለጸልኝ የሕክምና መጽሐፍ አላየሁም።

ጉባኤው አለመፍረሱን የሚያሳይ ታሪክ አለ። በ1846 እ.ኤ.አ. በሰሜን አትላንቲክ ባሉት የፋሮ ደሴቶች ኩፍኝ ገባ። የዴንማርክ መንግሥት ፒተር ፓኑም የሚባል የ25 ዓመት ሐኪም ላከ። ወደ 7,800 ከሚጠጋው ሕዝብ 6,000 ያህሉ ታሞ ነበር። ደሴቶቹ ከዚያ በፊት ኩፍኝ ያዩት በ1781 ነው፤ ከ65 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ፓኑም ከቤት ቤት እየሄደ ሲመዘግብ፣ በልጅነታቸው በዚያኛው ወረርሽኝ የታመሙት አረጋውያን አንዳቸውም እንዳልታመሙ አስተዋለ። በዚያን ጊዜ ሳይነካቸው ያለፋቸው አረጋውያን ግን እንደ ልጆቹ ተያዙ። በአንድ መንደር፣ በአንድ ዕድሜ፣ አንዷ አሮጊት ከታመመ የልጅ ልጇ አጠገብ ተቀምጣ ስትድን ሌላዋ ትወድቃለች ማለት ነው። ልዩነቱ በጉልበታቸው ላይ አልነበረም፤ ቀድሞ ባገኛቸው ነገር ላይ ነው።

ከዚህም የረዘመ አለ። የእኛ አያቶች የኅዳር በሽታ ያሉት፣ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያራቆተው ኢንፍሉዌንዛ፣ በከተማዋ ብቻ 10 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። ዓለምን በሙሉ ያዳረሰው ያ ወረርሽኝ ካለፈ ከ90 ዓመት በኋላ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች በዚያን ጊዜ ልጆች የነበሩ፣ ዕድሜያቸው ከ91 እስከ 101 የሆኑ 32 ሰዎችን ደም መረመሩ። ያን ቫይረስ የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል በደማቸው ውስጥ ተገኘ፤ ከአንዳንዶቹም እሱን ማምረት የሚችሉ ቢ ሴሎች ወጡ። ታይመሳቸው ከሟሸሸ ስንት አሥርት ዓመታት ያለፉ ሰዎች፣ እናት አባታቸው ሰው የቀበሩበትን በሽታ በሰውነታቸው ያውቁት ነበር። ያረጀ ሰውነት ደካማ ነው ብለን በጥቅሉ ስንናገር ይህን እንዘነጋለን።

እንግዲህ ወደ ሃይማኖቱ ጥያቄ ልምጣ። ብዙ ምእመናን፣ አንዳንድ ሰባኪዎችም ጭምር፣ የሥጋን መድከም የበደል ደመወዝ አድርገው ያቀርቡታል። የሰው ልጅ ሞት የገባበት ፍጥረት መሆኑን አልክድም፤ በዚያ እምነት አድጌአለሁ፣ በዚያም አለሁ። ግን ከአዳም ወርደን ወደ እያንዳንዱ ሰው ስንመጣ፣ የእገሌ ሰውነት የከዳው እንዲህ ስላደረገ ነው ወደሚል ፍርድ መሻገር ሌላ ነገር ነው። ታይመስ መሟሸሽ የሚጀምረው ሕፃኑ ክፉና ደጉን ከመለየቱ በፊት ነው። የማን በደል ነው እሱ? ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ደቀ መዛሙርቱ ጌታን የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ እሱ ወይስ ወላጆቹ ብለው። ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም። ወንጌሉ እንዲህ ግልጽ ሆኖ ሳለ በታመመ ሽማግሌ አልጋ ሥር ኃጢአት መፈለግ የጭካኔ ሥራ ነው።

ከዚህ ይልቅ ዕድሜ ወሰን ያለው መሆኑን ዳዊት ደጋሚዎቹ ይሉታል። የሙሴ ጸሎት የሚባለው መዝሙር ሰባና ሰማንያን ጠቅሶ ያልፋል። ወሰኑን እቀበለዋለሁ። የታይመስ መሟሸሽ ከዚያ ወሰን ውስጥ ነው፤ ማንም ላይ የተለየ የቅጣት እጅ አላየሁበትም። አባቴም በዚህ አይጨነቁም። «የተሰጠንን ያህል ተሰጥቶናል» ይላሉ።

ያስጨነቀኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው።

አንድ ጊዜ ከገጠር ከመጡ አንዲት እናት ሳንባ በቀዶ ሕክምና የወጣ ቁራጭ ደረሰኝ። ከሳንባው ሥር፣ አየር ቧንቧው በሚከፈልበት ቦታ፣ ንፍፊቶቹ አብረው ተቆርጠዋል። ሁሉም ጥቁር ናቸው። ግራጫ ወይም ጠየም ያለ አይደለም፤ ጥቁር። አንዱን ስከፍት ቢላዋው ላይ ቀለም ቀረ፤ ጓንቴም ጠቆረ። በማይክሮስኮፕ የሚታዩት ማክሮፌጆች ጥላሸት ጠግበው ውስጣቸው አይታይም ነበር፤ ክቦቹ ሊኖሩ በሚገባቸው ቦታ ላይ ጠባሳና ጥቁር ዱቄት ነው ያለው። የማመልከቻ ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። ሲጋራ አጭሰው አያውቁም ይላል። ሥራ በሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው «የቤት እመቤት» ነው።

ያን ቀን ያሰብኩት ስለ እናቴ ነበር። ማጀታችን መስኮት አልነበረውም። እናቴ በሳምንት ሁለት ጊዜ ምጣድ ትጥዳለች፤ ለቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን በበዓል ለየኔታ ተማሪዎችም ትጋግራለች። ማገዶው እርጥብ የሆነ እንደሆነ ኩበት ትጨምራለች፤ እሳቱ ሲጠፋባት ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች፤ ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ ትስላለች፣ አክንባሎውን ታነሣለች። እኛ ልጆቹ ጭሱ ሲበዛ ወደ ደጅ እንሮጣለን። እሷ ምጣዱን ጥላ መውጣት አትችልም፤ እንጀራው ያርራል። ከእንጀራው ሌላ ወጡ፣ ቡናው፣ ጠላው አለ። ይህ ከልጅነቷ እስከ እርጅናዋ ነው። በመጨረሻ የወሰዳት የሳንባ ምች ነበር፤ አንድ ሳምንት እንኳ አልታገለችውም። «እርጅና ነው» የተባለው ስለዚያ ነው። የእናቴን ንፍፊት አላየሁም፤ ግን ያቺን የሌላ እናት ንፍፊት አይቻለሁ፤ ሁለቱም የተጎነበሱት አንድ ዓይነት ጭስ ላይ ነው።

በ2022 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ያለው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡትን ጥናት ያነበብኩት በዚህ ስሜት ውስጥ ሆኜ ነው። ጥናቱ የተደረገባቸው ሰዎች ከሞቱ በኋላ ቤተሰባቸው አካላቸውን ለሌላ ሰው የሰጠባቸው 84 ለጋሾች ናቸው፤ ትንሹ 11 ዓመቱ፣ ትልቁ 93። ተመራማሪዎቹ ከአንዱ ሰው ላይ የሳንባውንም የአንጀቱንም ንፍፊት ወስደው አስተያዩ። የሳንባው ንፍፊት ዕድሜ በገፋ ቁጥር እየጠቆረ ሄዷል። የአንጀቱ ግን በዚያው ሰው፣ በዚያው ዕድሜ፣ ቀለሙን እንደያዘ ነው። በሳንባው ንፍፊት ውስጥ ቅንጣቱን የዋጡት ማክሮፌጆች ሌላ ባዕድ የመዋጥ አቅማቸው ቀንሷል፤ ለሌሎቹ ሴሎች የሚልኩት መልእክትም ተዛብቷል፤ የቢ ሴሎቹ ክቦችና ፈሳሹ የሚያልፍበት መንገድ ፈርሷል። እነዚህ እንግዲህ የአሜሪካ ከተማ አየር የተነፈሱ ሰዎች ናቸው፤ መስኮት በሌለው ማጀት ኩበት ያነደደ በመካከላቸው የነበረ አይመስለኝም።

ይህ ውጤት ለእኔ ከሳይንስ ያለፈ ነው። ሥራው ሁሉ የዓመታት ብቻ ቢሆን ኖሮ የሳንባውም የአንጀቱም ንፍፊት እኩል በደከሙ ነበር። አንድ ሰው ሁለት ዓይነት እርጅና በሰውነቱ ተሸክሟል ማለት ነው፤ አንደኛው ከተፈጥሮው የመጣ፣ ሁለተኛው ከተነፈሰው አየር የገባ። እኛ ግን ሁለቱንም በአንድ ስም እንጠራለን፤ ያንንም ስም ወስደን እግዚአብሔር ላይ እንለጥፋለን።

አባቴን ስለዚህ ስጠይቃቸው ወደ ኢዮብ ወሰዱኝ። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች የመጡት ሊያጽናኑ ነው። ሰባት ቀን ሙሉ ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው ዝም ብለዋል፤ እስከዚያ ድረስ ጥሩ ለቀስተኞች ነበሩ። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሆኑ፤ የደረሰብህ ሁሉ ትክክል ነው፣ ከእሱ ነው፣ ዝም ብለህ ተቀበል አሉት። ኢዮብም ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ሐሰት ትናገራላችሁን ብሎ ሞገታቸው። በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በሚያማርረው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በእነዚያ ተሟጋቾች ላይ ነው፤ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ተባሉ። አባቴ ይህን ካወጉኝ በኋላ ትንሽ ቆይተው «እናትሽን እኔም እንደ እነሱ ነበር የሸኘኋት» አሉ። እኔም መልስ የሚሆን ነገር አልነበረኝም።

ቆየት ብለው ግን «እጣኑስ?» ብለው ጠየቁኝ። በማኅሌት ያደሩ ሰው ናቸው፤ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። የእጣን ጭስም ቅንጣት አለው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብዙ ሲነድ ሳንባን ይጎዳል፤ ይህን አልደበቅኳቸውም። ሆኖም ጣሪያው ከፍ ባለ፣ በሩ በየአቅጣጫው በሚከፈት ቤተ መቅደስ ለጥቂት ጊዜ የሚታጠን እጣን፣ በጠባብ ማጀት ውስጥ ከፊት ለፊት ለሰዓታት ከሚነድ እርጥብ ማገዶ ጋር አንድ አይደለም። ይልቁንም ያሳሰበኝ ኅዳር 12 ነው። ያን የ1911 ወረርሽኝ ለማስታወስ በየዓመቱ ኅዳር ሲታጠን እያልን በየደጁ ቆሻሻ እናቃጥላለን፤ አሁን ደግሞ በቆሻሻው ውስጥ ፕላስቲኩ በዝቷል። ወረርሽኙን ያየ ትውልድ አካባቢውን ማጽዳቱ አስተዋይነት ነበር። የዛሬው የፕላስቲክ ጭስ ግን አሮጊቶቹን እየጎዳ ሙታንን የሚያስብ ሆኗል፤ ጽዳቱ ይቀጥል፣ ማቃጠሉ ይቅር እላለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ይህን ሁሉ ሰው ከፈጣሪ ውሳኔ ጋር አስሮ ማለፍ አልችልም። እንዲያ ማለት ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን በሰው እጅ የተሠራውን ለእሱ መስጠት ነው። ስሙን በከንቱ አትጥራ የሚለው ትእዛዝ ይህንንም የሚያጠቃልል ይመስለኛል።

ሌላው ቀርቶ ዕድሜ በእርግጥ የሚወስደው ነገር እንኳ ተዘግቶ ያለቀ አይደለም። አባቴ ባለፈው ክረምት አልማዝ ባለጭራ ወጣባቸው። ጎረቤት ሸረሪት ሸንቶባቸው ነው አለ። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ በልጅነታቸው ጉድፍ ሲወጣባቸው የገባው ቫይረስ ከነርቭ ሥር ተደብቆ ኖሯል። እሱን ሲጠብቁ የኖሩት ቲ ሴሎች ሲያንሱና ሲዝሉ ከጎድናቸው በአንድ በኩል እንደ መቀነት ዞሮ ወጣ። ሸሚዝ ሲነካቸው ያማቸው ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጠው ዳዊት ደገሙ። ለዚህ በሽታ የሚሰጥ ክትባት አለ። የቫይረሱን አንድ ፕሮቲን በቺሊ ከሚበቅል ዛፍ ልጥ ከሚወጣ ንጥረ ነገርና ከባክቴሪያ ከተገኘ ሌላ ቀስቃሽ ጋር አዋሕዶ የያዘ ነው። ቀስቃሾቹ በቅርብ ያለው ንፍፊት ውስጥ ገብተው የዛሉትን ሴሎች ያነሣሣሉ። ዕድሜያቸው ከ70 በላይ በሆኑት ላይ በተደረገው ትልቅ ሙከራ በሽታውን 90 ከመቶ ያህል ተከላክሏል። ቢጫ ስብ የበዛበት ያ ንፍፊት፣ የሚገባው ጥሪ ሲደርሰው ይነሣል። አሜሪካ ያላችሁ ልጆች ወላጆቻችሁን ስታስመጡ ይህ ክትባት እዚያ ከ50 ዓመት ጀምሮ ላለ ሁሉ እንደሚመከር እወቁ፤ ጠይቁላቸው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የጃፓን ታሪክ ነው። ጃፓን ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትምህርት ቤት ልጆችን በየዓመቱ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ትከትብ ነበር። ሐሳቡ በሽታው በልጆቹ በኩል እንዳይዛመት ነው፤ አረጋውያኑን ለይቶ ያሰበ አልነበረም። ከዚያ ወላጆች ጥርጣሬ ገባቸው፤ በ1987 ግዴታው ላላ፣ በ1994 ቆመ። ቆይቶ፣ በ2001፣ የሞት መዝገቦችን ያስተያዩ ተመራማሪዎች የልጆቹ ክትባት በነበረበት ጊዜ በዓመት ከ37,000 እስከ 49,000 የሚሆን ሞት ይከላከል እንደነበር ገመቱ። ከእነዚህ አብዛኞቹ የልጆቹ አያቶች ዕድሜ ላይ የነበሩ ናቸው። ክንዱን ዘርግቶ መርፌ የተወጋው የሰባት ዓመት ልጅ፣ አዲስ ሴል የሞላበት ንፍፊቱ በሽታውን እዚያው ስላስቀረው፣ ቤት ለተቀመጠችው አያቱ ዋስ ሆኖ ነበር። እሱም አላወቀ፣ እሷም አላወቀች። ሲቆም ነው የታወቀው።

ወላጅን ስለማክበር የተሰጠውን ትእዛዝ አሁን የማነበው በዚህ ዐይን ነው። ዕድሜ እንዲረዝም ከሚል ተስፋ ጋር የተሰጠ ትእዛዝ ነው፤ አባቴ ሲያስተምሩ ተስፋው ለሚያከብረው ልጅ ነው ይሉ ነበር። እኔ የምጨምረው የሚከበረውም ዕድሜው እንደሚረዝም ነው። ሽማግሌው የሚጎድለው አዲስ ሴል በልጁና በልጅ ልጁ ንፍፊት ውስጥ ሞልቶ አለ። ፈጣሪ ለምን ሰውን በስተመጨረሻው ብቻውን የማይቆም አድርጎ ሠራው ብዬ ስጠይቅ፣ የማገኘው መልስ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የአንዱ ጉድለት በሌላው ሙላት እንዲሸፈን ተደርጎ ተሠርቷል፤ የሚሸፈነውም ወይም ሳይሸፈን የሚቀረው በእኛ ነው። ከዚህ በላይ ያለውን ምሥጢር ለሚያውቁት እተወዋለሁ።

በአገራችን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሕፃናት በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት የሚወስዱት የሳንባ ምች ክትባት አለ። ሌሎች አገሮች ይህን ክትባት ለሕፃናት መስጠት ሲጀምሩ፣ ተሕዋሲው በልጆቹ ጉሮሮ ውስጥ መኖሩ ስለቀነሰ ያልተከተቡት አረጋውያንም ከበሽታው መዳን ጀምረዋል። ስለዚህ ልጃችሁን በቀጠሮው ቀን ውሰዱት፤ አያቱንም እያሰባችሁ ውሰዱት። ጉንፋን ይዟችሁ አረጋውያን ዘንድ ለጥየቃ ከመሄድ ስልክ ደውሉ፤ እንዲህ ያለው መቅረት ንቀት አይደለም፣ አስረዷቸው፣ ይገባቸዋል። የምትስል አሮጊት «እርጅና ነው» ብላ ስትቀመጥ አምናችሁ አትቀመጡ፤ ለሐኪም አሳዩአት፤ ቲቢም ሊሆን ይችላል፣ ቲቢ ደግሞ ይድናል።

ለእናታችሁ ወጥ ቤትም አንድ ነገር አድርጉ። ኤሌክትሪክ ባለበት የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ በሌለበት ማገዶ የሚቆጥበውን ምርጥ ምድጃ ግዙላት፤ እሱም ካልተቻለ ከጣሪያው ሥር ጭስ መውጫ ክፈቱላት፣ ግድግዳውን ቅደዱና መስኮት አብጁለት። በተለይ ውጭ አገር ሆናችሁ ለቤተሰብ ገንዘብ የምትልኩ፣ ለዓመቱ ተዝካር ድንኳንና ሰንጋ የሚሆን ብዙ ብር እንደምትልኩ አውቃለሁ። እናታችሁ በሕይወት ካለች፣ ከዚያ ከፊሉን ዘንድሮ ለማጀቷ ላኩላት።